ያላለቀ ስፌት የሚጎትተው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ ደምለው ይባላል፤ የሰፈሩ ሰው ጋሽ ደምለው ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገበያው ዳር ካለች አንዲት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ኖረ። ከቤቱ እስከ በረንዳው ሃያ እርምጃ ብትሆን ነው። ከዚያ አልፎ የሚሄድበት ጉዳይ አልነበረውም። ጨርቁም ክሩም ደንበኛውም እሱ ወዳለበት ይመጣሉ።

ይህ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ልብስ ሰፍቶ ሲጨርስ ስፌቱን በሁለት እጁ ይይዝና በኃይል ይጎትተዋል። ካልተተረተረ "ይዟል" ብሎ ለባለቤቱ ይሰጣል። ከተተረተረም ቁጭ ብሎ እንደገና ይሰፋዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሳይጎትት ከእጁ ያወጣው ልብስ የለም። ሰውም የሚያምነው ለዚህ ነው።

ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። የቀረችው አንዲት ሴት ልጁ ናት፤ ትሁኔ። ትሁኔ ያደገችው እዚያችው በረንዳ ላይ፣ ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ነው። ስታድግ ከገደሉ ማዶ ላለ ሰው ተዳረች። ገደሉ የዋዛ አይደለም። ቁልቁለቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱ ደግሞ ሌላ ግማሽ ቀን ነው። መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ስለሆነ በቅሎ እንኳ የምታልፈው ጭነቷ ተራግፎላት ነው። ጋሽ ደምለው በሠርጓ ቀን እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኛትና ተመለሰ። "በሌላ ጊዜ እመጣለሁ ልጄ" አላት። እሷም "እጠብቅሃለሁ አባዬ" አለችው።

ሌላው ጊዜ ክፉ ሆኖ መጣ። ትሁኔ ወንድ ልጅ ወለደችና ልጁ በሦስት ወሩ ሞተባት። መርዶውን ያመጣው ፈንቴ የሚባል ቅቤ ነጋዴ ነው። ፈንቴ በየሳምንቱ ለገበያ ገደሉን እያቋረጠ ይመላለሳል። "ለቅሶው ላይ እንድረስላት፤ ተነስ እንሂድ" አለው። ጋሽ ደምለው ተነሳ። አፋፉ ድረስ ሄደ። መውረድ ሲጀምር ግን ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ ትንፋሹ አጠረው፤ ገና ሩቡን ሳይወርድ ድንጋይ ላይ ተዘረጋ። ተቀምጦ የኖረ ሰው እግር ነዋ! ፈንቴ ጥሎት መሄድ አልሆነለትም፤ ደግፎ መለሰው። በሳምንቱ ትሁኔ በፈንቴ በኩል እንዲህ ብላ ላከችበት፦ "ሰው ሁሉ መጣ። የባሌ ዘመድ መጣ፤ የማላውቀው ሰው ሳይቀር መጣ። አባቴ ብቻ ቀረ።"

ምን አለፋችሁ፣ ይህች ቃል ሰውየው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። መኪናው ቀጭ ቀጭ ሲል እንኳ "አባቴ ብቻ ቀረ፣ አባቴ ብቻ ቀረ" የሚል ይመስለው ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። ትሁኔ እንደገና ማርገዟን ፈንቴ ነገረው። ጋሽ ደምለው ያን ዕለት መርፌውን አስቀመጠና "የዚህን ልጅ ክርስትና ሄጄ ካልቆምኩ ሰው አይደለሁም" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መራመድ ጀመረ። መጀመሪያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቀጥሎ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ። የገበያው ሴቶች መጫወቻ አደረጉት።

"ጋሽ ደምለው፣ የስፌት መኪናዎ ጠፍታብዎት ነው የሚፈልጓት?"

"ኧረ ሚስት ሊፈልጉ ነው! በዚህ ዕድሜ እግር የሚፍታታው ለሌላ ለምን ይሆናል?"

"ሳቁ፣ ሳቁ። የልጅ ልጄ ክርስትና ላይ ስጨፍር ወሬው ይደርሳችኋል" ይላቸዋል።

እውነትም እግሩ ተፍታታ። ፊቱም ወዝ አገኘ። ነገር ግን ቸኮለ። አንድ ቀን ገደሉን እስከ ግማሽ ወርዶ በዚያው ቀን ተመልሶ ወጣ። "ለካ እችላለሁ!" ብሎ በማግስቱ ደገመው፤ በሦስተኛው ቀን ሠለሰው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋው ወርዶ ሲቆም የቀኝ ተረከዙን ከኋላ በኩል የሆነ ነገር ወጋው። ከተረከዝ ተነስቶ ወደ ባት የሚወጣው ያ ወፍራም ጅማት ነው። በጣቱ ነካው። ሞቋል፤ አብጧል።

"ይለቀኛል" አለና ሦስት ቀን ተኛ። በአራተኛው ቀን ቀለል አለለት። እንግዲህ ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ቀስ እያለ ይራመዳል። ልብስ ሰፊው ግን ሳይጎትት የሚያምነው ነገር የለም። የቤቱ ደፍ ላይ ወጣ፤ በቀኝ እግሩ ጣቶች ብቻ ቆሞ ተረከዙን ወደ ታች ለቀቀና ሰውነቱን በሙሉ ጫነበት። አልበቃውም፤ በዚያው እግር ከደፉ ወደ መሬት ዘለለ። ይዞ እንደሆነ ሊያይ ነዋ! ጅማቱ እንደ ጋለ ወስፌ ወጋው። እያነከሰ ተመልሶ ተኛ።

እንዲህ እያለ ሳምንቱ በሳምንት ላይ ተጨመረ። ሁለት ሦስት ቀን ይተኛል፤ ሻል ይለዋል፤ ተነስቶ ደፉ ላይ ይወጣል፤ ይጎትተዋል፤ ይዘላል፤ ይመለስበታል። ጅማቱ ትንሽ ትንሽ እያለ የገጠመውን እሱ በአንድ ጠዋት ያፈርሰዋል። ከመተኛቱ ብዛት ደግሞ ባቱ ሟሸሸ፤ የቀኙ ከግራው ቀጠነ። ለሥራ በግራ እግሩ ብቻ መኪናዋን ይረግጥ ጀመር፤ የዱሮው ቀጥ ያለ ስፌቱ ተንጋደደ። ሰው አይቶ ዝም አለው። እሱም ሰው ዝም እንዳለው አወቀ።

ይህ የእግሩ ነገር ነው። ሌላ የሚጎትተው ነገርም ነበረው። በገበያ ቀን ፈንቴ ሊሰናበተው ሲመጣ "ትሁኔን ጠይቅልኝ፤ ያኔ በመቅረቴ ተቀይማኛለች?" ይለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት "አልተቀየምኩም በለው" የሚል መልስ መጣ። ደስ አለው። ደስታው ግን ከሳምንት አላለፈም። "ከልቧ ነው ያለችው? ፊቷ እንዴት ነበር? እስቲ ደግመህ ጠይቃት" አለ። "ከልቤ ነው በለው" አለች። በሦስተኛው ሳምንት "እኔ በሷ ቦታ ብሆን ይቅር አልልም ነበር። እውነቱን ትናገር" አለ።

"ጋሽ ደምለው፣ እኔ ቅቤ ነው የምነግደው" አለው ፈንቴ። "ያንተ ጥያቄ ከቅቤው እየከበደኝ መጣ እኮ!"

"አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም።"

ፈንቴ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

"ምን አለች?"

"ይቅርብህ።"

"ተናገር እንጂ፣ አንተ ሰው!"

"'አባዬ በጠየቀኝ ቁጥር ልጄ በነጠላ ተጠቅልሎ ከቤት ሲወጣ ይታየኛል። ትንሽ ረሳሁት ስል እሱ ያመጣብኛል። ከእንግዲህ እንዳይልክብኝ በለው' ነው ያለችው። አለቀሰች። ሆዷ ገፍቷል፤ እኔም ከእንግዲህ እዚያ ሄጄ እርጉዝ አላስለቅስም።"

ጋሽ ደምለው መኪናው ላይ ያለውን ጨርቅ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

ትሁኔ ሴት ልጅ ወለደች። ወሬው ሲደርስ ልብስ ሰፊው በጣቱ ቆጠረ። "ወንድ ቢሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር። ሴት ናት። ሰማንያ ቀን ተሰጠኝ። እግዜር እግሬን አይቶልኝ ነው" አለ። ከሱቅ ለስላሳ ነጭ ጨርቅ አስመጣና ለክርስትናዋ ቀሚስ ሰፋ። ለዚህች ልብስ መኪናውን አላመነም፤ በእጁ ነው የሰፋት። እጅጌዋ አውራ ጣት የምታስገባ ናት። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ጎተታት። ይዛለች። አጥፎ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለላት።

እግሩን ግን አልማረውም። ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ጭራሽ ባሰበት፤ ጠዋትም ይጎትተዋል፤ ከሰዓትም ይጎትተዋል። ሃምሳኛው ቀን ደረሰ፤ ስልሳኛው ቀን ደረሰ። በሰባ አራተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለውና በትኩሳት ወደቀ። አራት ቀን ሙሉ ደፉ ላይ መውጣት ቀርቶ ቀና ማለት አቃተው። በሰባ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቀው። ተነስቶ ቢቆም እግሩ ዝም ብሏል። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደ። አሁንም ዝም። ሰው ቢያስተውል ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ይገባው ነበር። እሱ ግን ቀሚሷን ብብቱ ውስጥ አድርጎ፣ ዱላውን ይዞ፣ "ፈንቴ፣ ጠብቀኝ!" እያለ ወጣ።

አፋፉ ድረስ ደህና ሄደ። ፈንቴም እያየው ተገረመ። ከታች ወንዙ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ከማዶ የትሁኔ ሰፈር ዛፎች ይታያሉ። ሊወርዱ ሲሉ ልብስ ሰፊው ቆመ።

"ምነው?" አለው ፈንቴ።

"ከመውረዴ በፊት ይዞ እንደሆነ ልየው።"

"ምኑን?"

"ጅማቱን ነዋ።"

"አንተ ሰው፣ ይኸው እስከዚህ አምጥቶህ የለም እንዴ? ተው!"

አልሰማውም። አንዲት የጉልበት ቁመት ያላት ድንጋይ ላይ ወጣና በቀኝ እግሩ ዘለለ። ከዚያ ጮኸ። ፈንቴ ቢያነሳው መቆም አቃተው። ቢያስቀምጠው ተረከዙን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"ቀሚሷን ስጠኝ፤ እኔ ላድርስልህ" አለው ፈንቴ። "ቢያንስ ልጅቱ ትልበሳት።"

"አይሆንም። በእጄ ነው የምሰጣት።"

"ነገ እኮ ነው ክርስትናው!"

"በእጄ ነው አልኩህ!"

ፈንቴ እያዘነ ብቻውን ወረደ። ጋሽ ደምለውን እንጨት ሸጠው የሚመለሱ ሰዎች አገኙትና አህያ ላይ ጭነው ቤቱ አደረሱት። በገበያው መሃል ሲያልፍ ከሴቶቹ አንዲትም የሳቀች የለችም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ደወል ሲደወል ቀሚሷን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኝቶ ነበር። "አሁን ውሃ እየነካት ነው" አለ ለብቻው። "አሁን ስም እየወጣላት ነው።" በሳምንቱ ፈንቴ መጣ።

"እንዴት ነበር?"

"ደህና ነበር። ልጅቱ አላለቀሰችም።"

"ትሁኔ እኔን ጠየቀች?"

ፈንቴ "አልጠየቀችም" አለ። "ግን በር በሩን ስታይ አይቻለሁ።"

ከዚህ በኋላ ልብስ ሰፊው መኪናውን ጨርቅ አልብሶ በረንዳውን ዘጋ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግብ ሲያመጡለት "ለማን ብዬ ነው የምድነው?" ይላል። ሁለት ጊዜ አንዲት ልጄን አሳዘንኩ፤ ሦስተኛ ዕድል የሚሰጥ የለም፤ እግሬም ይበስብስ፤ እያለ ነው የሚውለው። ጎረቤቶቹ ፈሩና እማማ ዘርፌን አመጡ። እማማ ዘርፌ የአገሩ ወጌሻ ናቸው፤ የተሰበረ ያስራሉ፤ የወለቀ ይመልሳሉ። መጥተው አጠገቡ ተቀመጡና ጅማቱን በሁለት ጣት ይዘው ቁልቁልም ሽቅብም ዳሰሱት። መሃሉ ላይ እንደ ገመድ ቋጠሮ አብጧል።

"ይሹኝ፤ ጠንከር አድርገው ይሹኝ" አላቸው።

"አላሽም።"

"ታዲያ ለምን መጡ?"

"ልጠይቅህ። ልብስ ስትሰፋ ስፌቱን ትጎትታለህ ይላሉ። ስንት ጊዜ ነው የምትጎትተው?"

"አንዴ ነዋ። ስጨርስ።"

"ሳትጨርስስ?"

"ሳልጨርስማ ማን ይጎትታል! ይተረተራል እንጂ።"

"ታዲያ ይህን እግር ማን ጨርሶልህ ነው በየጠዋቱ የምትጎትተው?"

ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ፊቱን መለሰ። "እንዴት አውቃለሁ ታዲያ?" አለ። "ካልጎተትኩት መያዙን እንዴት አውቃለሁ?"

"አታውቅም" አሉት። "ከባዱ እሱ ነው፤ አታውቅም። የሚሰፋው ውስጥ ነው፤ ሰፊውም አይታይም። አንተ ሥራ ብቻ ስጠው። ተኝተህ አትተወው፤ ይቀጥናል። ዘለህም አትፈትነው፤ ይበጠሳል። ደፉ ላይ በሁለት እግርህ ቁም፤ ግድግዳ ያዝ፤ ተረከዝህን ቀስ ብለህ አውርድ፣ ቀስ ብለህ አንሳ። ጠዋት አሥር ጊዜ፣ ማታ አሥር ጊዜ። ሲለምደው ትንሽ ጨምርለት። ስትሄድ እስከ ወፍጮ ቤቱ ብቻ ሂድና ተመለስ። ደህና በሆንክበት ቀንም ከዚያ አትለፍ። እና 'ዳንክ ወይ?' ብለህ አትጠይቀው።"

"እስከ መቼ?"

"ይኸው ጠየቅህ!" ብለው ተነሱ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አላለቀም፤ መዳን እንዲህ በአንድ ንግግር አይመጣም። ልብስ ሰፊው የተባለውን አደረገ። አንድ ወር አደረገ፤ ለውጥ የለም። ሁለት ወር አደረገ፤ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ያው ይወጋዋል። በሦስተኛው ወር ትንሽ ሻል አለውና በአራተኛው ያለ ምክንያት ባሰበት። ደፉ ላይ ቆሞ ተረከዙን እያወረደ እንባው የሚወርድበት ቀን ብዙ ነው። አንዳንድ ጠዋት መጥረቢያውን እያየ "ቆርጬው ብገላገልስ?" ይል ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ግን አለመዝለሉ ነበር። እግሩ ይበላዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ፣ ልየው ይላል። ደፉን በእጁ ጨብጦ ራሱን ይከለክላል።

በዚህ መሃል አንድ የገበያ ቀን ፈንቴ ሊሄድ ሲል ጎራ አለ። ከልማዱ የተነሳ "ለትሁኔ ምን ልበላት?" ብሎ ጠየቀና ወዲያው ተጸጸተ። ጋሽ ደምለው አፉን ከፈተ። "ተቀይማኛለች?" የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። አፉን ዘጋ። ተረከዙን አየ። ከዚያ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋትን አንዲት የሕፃን ቆብ አነሳና ሰጠው።

"ምን ብዬ ልስጣት?"

"ምንም።"

"ቃል የለም?"

"የለም።"

"ጋሽ ደምለው፣ አሞሃል እንዴ?"

"ቆይቷል ካመመኝ። ሂድ፣ ይመሽብሃል።"

በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ የሕፃን አንሶላ ሰፍቶ ላከ። ከዚያ የወተት ጡጦ መጠቅለያ። ከዚያ ሙታንታ። ሁልጊዜ ትንሽ ነገር፤ ሁልጊዜ ያለ ቃል። ከማዶ ምንም መልስ አልመጣም። አንድም ቀን። ፈንቴ "ተቀበለች" ብቻ ይለዋል። ልብስ ሰፊው "ምን አለች?" ብሎ እንዳይጠይቅ ከንፈሩን ይነክሳል። ተስፋ ኖሮት አልነበረም፤ ተስፋውማ ሰማንያኛው ቀን ላይ ቀርቷል። ሥራ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለእግሩም ለልጁም።

ዓመት አለፈ፤ ከዓመትም አለፈ። አንድ ከሰዓት ክር አልቆበት ከወፍጮ ቤቱ ማዶ እስካለው ሱቅ ሄደና ገዝቶ ተመለሰ። ተቀምጦ መርፌው ላይ ክር ሲያስገባ ነው ድንገት ደንግጦ የቆመው። ደርሶ መልስ ሲሄድ እግሩን አንዴም አላሰበውም። በእጁ ዳሰሰው። ቋጠሮው አለ። አልዘለለም። ተቀመጠና ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ሌላ አራት ወር ጠበቀ። በበጋው ገደሉን ወረደ፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ቀን። ወንዙ ዳር ካሉ ሰዎች ቤት አደረ። ዳገቱን አሥር እርምጃ እየሄደ አሥር ጊዜ እየተነፈሰ ወጣው። ትሁኔ በር ላይ እህል ስታበጥር አገኛት። አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ አየችው። ልጅቱ የሚያውቃትን ቆብ አድርጋለች፤ ቆቧ ጠቧታል።

ትሁኔ ሰፌዱን አስቀመጠች። "መጣህ" አለች። ሌላ አላለችም። ወንበር ሰጠችው። ሞቅ ያለ ውሃ በገበታ አምጥታ እንደ ማንኛውም የመንገድ እንግዳ እግሩን ታጥበው ጀመር። ቀኝ እግሩ ላይ ስትደርስ እጇ ቋጠሮውን አገኘው። ማጠቡን ትታ ቋጠሮው ላይ እጇን አሳረፈች። ልብስ ሰፊው "ይቅር ብለሽኛል?" የምትለው ቃል እስከ ጉሮሮው መጣች። ዋጣት። እንደ ድንጋይ ከብዳ ወረደች።

እግሩን አድርቃ ስትጨርስ ጥቅሉን አወጣና ሰጣት። ፈታችው። ያቺ የክርስትና ቀሚስ ናት። የሁለት ዓመቷን ልጅ አየች፤ ቀሚሷን አየች። ክንዷን እንኳ አታስገባም። ልጅቱ ቀሚሷን በጣቷ ነካች፤ ተወቻት።

ከዚያ ትሁኔ፣ ከመኪናው ሥር ያደገችው የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ያዘች። በኃይል ጎተተቻት። ክሩ ጥርቅ አለ እንጂ አልለቀቀም።

"ይዟል" አለች።

አባትየው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ያለችው ስለ ቀሚሷ ይሁን ስለ ሌላ ነገር አልጠየቃትም። እስኪሞትም አልጠየቃትም። ሲመለስ ግን እስከ አፋፉ ሸኘችውና "ለፋሲካ ስትመጣ ለልጅቱ በልኳ ስፋላት" አለችው። "ከመጣህ" አላለችም።

እግሩ እንደ ዱሮው ሆነ ወይ ብላችሁ እንደሆነ፣ አልሆነም። ብርድ ባለበት ጠዋት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይወጋው ነበር። ያ ሰማንያኛው ቀንም አልተመለሰም፤ ያ ቀን ለዘላለም አባት የሌለበት ቀን ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። የተጎዳ ነገር የሚድነው እኛ ሳናየው ነው፤ እግርም ቢሆን፣ የሰው ልብም ቢሆን። እኛ ግን ስለምንፈራ መዳኑን አሁኑኑ ማየት እንፈልጋለን። የተኛ ሕፃን ይተነፍስ እንደሆነ ለማወቅ የምትቀሰቅሰው እናት፣ ልጁ እንቅልፍ የነሳት ይመስላታል፤ እንቅልፍ የነሳችው እሷ ናት። ይቅር ተብለን ሳለ በየሳምንቱ "ይቅር ብለኸኛል?" እያልን የሰውን ቁስል የምንከፍተው እኛው ነን። ጥለን መተኛትም አያድንም፤ እየጎተቱ መፈተሽም አያድንም። በየቀኑ ትንሽ ሥራ ሰጥቶ፣ ሳያውቁ መጠበቅ ብቻ ነው ያለው። እሱ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ አይከብድም ብዬ አልዋሻችሁም።

እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ ገና ያላለቀ ምን ስፌት አላችሁ? ዛሬ ጠዋትስ ስንት ጊዜ ጎተታችሁት?